ሲ እና ዲ ሁለት ዲስክ አይደሉም፦ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ደጋግሜ የማያቸው የዲስክ ስህተቶች

«ኮምፒውተሬ ይጎተታል፣ ራም ጨምርልኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ማሽኑ ሲከፈት ግን ብዙ ጊዜ ጎታቹ ዲስኩ ሆኖ ይገኛል። በተለይ አስር ዓመት ያለፈው ዴስክቶፕ ከሆነ፣ ዲስኮቹን በትክክል ማስቀመጥ ብቻ ሌላ ማሽን ያስመስለዋል። ስህተቶቹ ደግሞ ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው።

አንድ ዲስክ ከፋፍሎ «ሥራ አከፋፈልኩ» ማለት

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። ሰውዬው ያለው አንድ ሃርድ ዲስክ ነው። ሲ፣ ዲ፣ ኢ ብሎ ይከፋፍለዋል። ዊንዶውሱን ሲ ላይ፣ ጌሞቹን ዲ ላይ ይጭናል። ፔጅ ፋይሉን (ራም ሲጠብ ዊንዶውስ ዲስክ ላይ የሚጠቀምበትን ማቆያ) ደግሞ «ሲ እንዳይጨናነቅ» ብሎ ወደ ኢ ይወስደዋል። ከዚያ ፍጥነት ይጠብቃል። ወንድሜ፣ ምንም አላከፋፈልክም! ሦስቱም ያሉት አንድ ዲስክ ላይ ነው፤ የሚያነብላቸውም በሚዞረው ዲስክ ላይ ወዲህ ወዲያ የሚል አንድ ክንድ ነው። ሦስት ጠረጴዛ ስለተደረደረ አስተናጋጁ ሦስት አይሆንም። እንዲያውም ነገሩን አባብሰኸዋል። ሲስተሙ ከሲ አንብቦ ኢ ላይ በጻፈ ቁጥር ክንዱ ዲስኩን አቋርጦ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል።

በቁጥር እንየው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የሚፈለገው ቦታ ከክንዱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ አለ። ክንዱ ወደ ቦታው እስኪሄድ ደግሞ 8 ወይም 9 ሚሊሰከንድ ጨምሩ። ተበታትነው የተቀመጡ ትንንሽ ነገሮችን ሲያነብ እንግዲህ በሰከንድ 80 ጊዜ ያህል ቢሆንለት ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ እንዲህ ያሉ ንባቦችን በሺዎች ይጠይቃል። ያ የምትሰሙት የማያቋርጥ ገርገርታ ይኸው ነው።

ፓርቲሽን (ዲስክን ሲ፣ ዲ ብሎ መከፋፈል) ለሥርዓት ይጠቅማል፤ ዊንዶውስ ፎርማት ሲደረግ ፎቶዎቻችሁ አይነኩም። አንድ ዲስክ ብቻ ካላችሁ ለፍጥነትም ትንሽ ጥቅም አለው፦ ለሲስተሙ መጠነኛ ፓርቲሽን መጀመሪያ ላይ ስጡት። የሃርድ ዲስክ መጀመሪያ ውጨኛው ጠርዝ ነው፤ እዚያ የሚነበበው ዳታ ውስጠኛው ላይ ከሚነበበው እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ክንዱም ሩቅ አይሄድም። ከዚያ ያለፈ ተአምር አትጠብቁ። ሥራ የሚከፋፈለው በራሱ ኬብል የተሰካ ሌላ ዲስክ ሲኖር ነው።

«ፖርቱ አሮጌ ስለሆነ ኤስኤስዲ አይጠቅመኝም»

ይጠቅማችኋል። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር የሌለው፣ በቺፕ የሚሠራ ዲስክ ነው፤ ሳታ ደግሞ ዲስኩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ፖርት ነው። ሳታ 2 የሚያሳልፈው በሰከንድ እስከ 300 ሜጋባይት ነው፤ ሳታ 3 እስከ 600። ኤስኤስዲው ሳታ 2 ላይ ሙሉ ፍጥነቱን አያገኝም፣ እውነት ነው። ይህ የሚታወቀው ግን ትልልቅ ፋይል ሲገለበጥ ነው። ማሽኑን የሚጎትተው ቅድም ያነሳሁት፣ ክንዱ ቦታው እስኪደርስ የሚጠፋው ጊዜ ነው፤ ኤስኤስዲ ደግሞ ክንድ የለውም። ሃርድ ዲስክ ከ12 ሚሊሰከንድ በላይ የሚፈጅበትን ንባብ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል፣ ፖርቱ ምንም ይሁን። ቢያንስ ዊንዶውሱንና ፕሮግራሞቹን እዚያ አድርጉ፣ ፊልሙ ሃርድ ዲስኩ ላይ ይቅር።

ፈጣኑን ፖርት ለሃርድ ዲስክ መስጠት

የ2011 ፒ67 ወይም ኤች67 ማዘርቦርድ ብትከፍቱ ከኢንቴሉ ቺፕሴት (የማዘርቦርዱ ዋና አገናኝ ቺፕ) የሚወጡ 6 የሳታ ፖርቶች ታገኛላችሁ። ሳታ 3 ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንዱ ላይ ሃርድ ዲስክ፣ ሌላው ላይ ዲቪዲ ማጫወቻ ተሰክቶ፣ ኤስኤስዲው ሳታ 2 ላይ ሲለምን ስንቴ አይቻለሁ! ሃርድ ዲስክ ሳታ 2ን እንኳ አይሞላውም። ቀለሙን አይታችሁ አትገምቱ፤ እያንዳንዱ አምራች የራሱ ቀለም አለው። ማኑዋሉን አንብቡ።

ማኑዋሉ ላይ «ማርቬል» ወይም «ጄማይክሮን» የሚል ስም የተጻፈባቸው ተጨማሪ ፖርቶች ካሉ ለኤስኤስዲ አትምረጧቸው። 6 ጊጋቢት ቢባሉም በአብዛኛው ከማሽኑ ጋር የሚገናኙት በአንድ ጠባብ መስመር ነው። ከኢንቴሉ ቺፕሴት የሚወጣው ይሻላል።

ዊንዶውስ ሲጫን ሁሉንም ዲስክ ሰክቶ መተው

አንዱ ኤስኤስዲ ገዝቶ ዊንዶውስ ጫነ፣ ሁሉም ነገር ሰላም ሆነ። ከወራት በኋላ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ነቅሎ ለሌላ ሰው ሰጠ። ማሽኑ አልነሳም አለ። «ኤስኤስዲው ተበላሸ» ብሎ ይዞት መጣ። ኤስኤስዲው ምንም አልሆነም። ዊንዶውስ ሲጫን ማስነሻውን አሮጌው ዲስክ ላይ ባገኘው ፓርቲሽን ውስጥ አስቀምጦት ነበር፤ ማስነሻው ከዲስኩ ጋር አብሮ ሄደ። ስለዚህ ስትጭኑ የሚጫንበት ዲስክ ብቻ ይሰካ። ሌላውን ንቀሉ። ሁለት ኬብል መንቀል ነው፣ ምን ያደክማል?

ባዮሱን ሳያዩ መጀመር

አሮጌ ማዘርቦርዶች ብዙ ጊዜ ባዮሳቸው (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ የሳታ አሠራራቸው አይዲኢ በሚባለው የድሮ ዘዴ ላይ ተደርጎ ይመጣሉ። ከመጫናችሁ በፊት ኤኤችሲአይ ወደሚባለው አዲሱ ዘዴ ቀይሩት፤ ያለዚያ ዲስኩ ብዙ ጥያቄ በአንድ ላይ ተቀብሎ ማስተናገድ አይችልም። ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ዝም ብላችሁ ከቀየራችሁት ሰማያዊ ስክሪን ይጠብቃችኋል። ዊንዶውስ 8 እና 10 ላይ መውጫ አለው። መጀመሪያ በሴፍ ሞድ (የግድ የሚያስፈልገው ብቻ በሚነሳበት ሁኔታ) እንዲነሳ እዘዙት፣ ሪስታርት ስታደርጉ ባዮሱን ቀይሩ፣ በሴፍ ሞድ ከገባ በኋላ ትዕዛዙን አንሱት።

ኤክስፒ የነበረበትን ዲስክ እንዳለ ወደ ኤስኤስዲ መገልበጥ

ኤክስፒ ፓርቲሽን የሚጀምረው ከ63ኛው ሴክተር (ዲስክ የሚከፋፈልበት ትንሽ ክፍል) ነው። ይህ ለኤስኤስዲ የተጣመመ አጀማመር ነው፤ አንድ ጽሑፍ ሁለት ቦታ ላይ ያርፋል፣ ፍጥነቱም ይወድቃል። ከቪስታ ጀምሮ ያሉት ዊንዶውሶች ከ1 ሜጋባይት ስለሚጀምሩ ችግር የለባቸውም። ከባዶ ጫኑት።

በሰፊ ኬብል የሚሠራ የአይዲኢ ዲስክ ካላችሁ ከሲዲ ማጫወቻ ጋር አንድ ኬብል አታጋሩት። አንዱ ሲሠራ ሌላው ይጠብቃል። ኬብሉም ባለ 80 ሽቦ ይሁን፤ ባለ 40ው ፍጥነቱን ያስረዋል።

ኤስኤስዲ ዲፍራግ (የተበታተኑ ፋይሎችን ማሰባሰብ) አታድርጉ። አርጅተው የወጡ ሁለት ሃርድ ዲስኮችን ሬይድ ዜሮ (ዳታው ለሁለቱ ተከፋፍሎ እንደ አንድ ዲስክ የሚሠሩበት) አድርጋችሁ አታጣምሩ፤ አንዱ ሲሞት የሁለቱም ዳታ ይሄዳል።

ኤንቪኤምኢ ዲስክ (በሳታ የማይሰካ ፈጣን ኤስኤስዲ) በአስማሚ ካርድ ልትሰኩ ካሰባችሁ ደግሞ፣ አሮጌ ባዮስ አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ማስነሳት አይችልም። ለዳታ ግን ይሠራል።

ይህን ሁሉ ከመንካታችሁ በፊት ዲስኩ ጤነኛ መሆኑን እዩ። የዲስክ ጤና የሚያሳየው ክሪስታልዲስክኢንፎ ፕሮግራም ነፃ ነው። የተተኩ ወይም በጥርጣሬ የተያዙ ሴክተሮች ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ቦታ መቀያየሩን ተዉትና ዳታችሁን አውጡ። የሲአርሲ ስህተት (ዳታ በኬብሉ ሲያልፍ የተበላሸበት ቁጥር) ብቻ እየጨመረ ከሆነ ግን ዲስኩን አትጣሉ፤ መጀመሪያ የሳታ ኬብሉን ቀይሩና ቁጥሩ መቆሙን እዩ።