ቸኮሌት ሲጓጎል፣ ካራሜል አሸዋ ሲሆን፦ የቤት ውስጥ ከረሜላ ችግርና መፍትሄ

ካራሜል የተበላሸበት ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ድስቱን ወደ ማጠቢያው መገልበጥ ነው። አጠገቡ እጁን ያዝ የሚያደርገው ሰው ቢኖር አብዛኛው ይተርፍ ነበር። ከተቃጠለ ስኳርና ከተበላሸ ለውዝ በስተቀር፣ በከረሜላ ሥራ ተመልሶ የማይቃና ጥፋት ጥቂት ነው። የሚያስቸግረው ምልክቱን አይቶ መንስኤውን መለየት ነው። ፊቱ የነጣ ቸኮሌት ሁሉ አንድ ዓይነት ችግር አልገጠመውም፤ አልያዝ ያለ ካራሜል ሁሉም ስኳር አንሶት አይደለም።

ሥራው ሳይጀመር ሁለት ነገሮች ይቅረቡ፦ ቴርሞሜትርና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ። ውሃው ካራሜሉን ለመሞከሪያ ነው፤ ድንገት እጅ ከተቃጠለም ወዲያው ለመንከሪያ ይሆናል። 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ስኳር ቆዳ ላይ ሲያርፍ እንደ ፈላ ውሃ ፈስሶ አይወርድም፣ ተጣብቆ ይቀራል። ልጆችን ከምድጃው አርቁ።

መመሪያውን በዲግሪ ተከትዬ ካራሜሉ ድንጋይ ሆነብኝ

ይህን ያስቀደምኩት ብዙዎች ጥፋቱን ራሳቸው ላይ ስለሚጭኑ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር፣ በየ300 ሜትሩ በግምት አንድ ዲግሪ እየቀነሰ ይፈላል። የስኳር ሽሮፕም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በከፍታ ቦታ 118 ዲግሪ የደረሰ ካራሜል፣ መመሪያውን የጻፈው ሰው ካሰበው በላይ ውሃው ተንኖ አልቋል ማለት ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። ቴርሞሜትሩን በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ንከሩትና የሚያሳየውን አንብቡ። 93 ካለ ልዩነቱ 7 ነው፤ መመሪያው 118 የሚለውን እናንተ በ111 ታወርዱታላችሁ። ቴርሞሜትሩ ራሱ የተዛባ ቢሆንም ለስኳር ሥራ ሒሳቡ ያው ነው። ቸኮሌት ላይ ግን ከፍታ አይገባም። የቸኮሌቱ ቅባት የሆነው የካካዎ ቅቤ የትም ቦታ በዚያው ሙቀት ነው የሚቀልጠው።

ቸኮሌቱ እየቀለጠ ሳለ ድንገት ተጓጎለ

አሁን ወርቅ መስሎ ሲወርድ የነበረው ቸኮሌት፣ ከአፍታ በኋላ ማንኪያው ላይ ተሰብስቦ እንደ ጭቃ ይደርቃል። መንስኤው ውሃ ነው፤ ያውም ጥቂት ጠብታ። ቸኮሌት በቅባት ውስጥ የተንሳፈፈ የስኳርና የካካዎ ብናኝ ነው። ጠብታዋ ስትገባ ስኳሩን ታረጥበዋለች፤ የረጠበው ስኳርም እርስ በርሱ ይጣበቃል። እኔን ያሰናከለኝ የድስት ክዳን ነበር። ቸኮሌቱ ቶሎ እንዲቀልጥ ብዬ ሳህኑን ከደንኩት፤ ክዳኑን ሳነሳ ከሥሩ የተጠራቀመው እንፋሎት ሦስት አራት ጠብታ ሆኖ መሃሉ ላይ ወረደ። ግማሽ ኪሎ ቸኮሌት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

የሚገርመው፣ በጥቂት ውሃ የተበላሸው የሚቃናው በብዙ ውሃ ነው። ሙቅ ውሃ ወይም ሙቅ ወተት በሾርባ ማንኪያ እየጨመራችሁ በኃይል አማስሉት። መጀመሪያ ይብስበታል፣ አትደንግጡ። ስኳሩ ጨርሶ እንዲሟሟ የሚበቃ ፈሳሽ ሲያገኝ ለስልሶ እንደገና ያብረቀርቃል። ከዚህ በኋላ ግን ደርቆ ቋ ብሎ የሚሰበር ሽፋን አይወጣውም። ክሬም ጨምሩበትና ጋናሽ የሚባለውን ለስላሳ የቸኮሌትና የክሬም ድብልቅ አድርጉት፣ ወይም ኬክ ላይ የሚፈስ ሶስ ይሁን።

ሳይረጥብ የወፈረ ከሆነ ሙቀት በዝቶበታል። ጥቁር ቸኮሌት ከ50 ዲግሪ፣ የወተትና ነጭ ቸኮሌት ከ45 ባያልፉ ይመረጣል። የማቃጠል ሽታ ከሌለው ከእሳት አውርዱና ያልቀለጠ የቸኮሌት ቁራጭ እየጨመራችሁ አብርዱት፤ የቀረውን ጓል በወንፊት አጥልሉ። ከሸተተ ግን ምንም አያድነውም። በማይክሮዌቭ የምታቀልጡ ከሆነ በግማሽ ኃይል፣ በየ20 እና 30 ሰከንዱ እያወጣችሁ አማስሉ። ቸኮሌት ውስጡ ቀልጦ ሳለ ቅርጹን ይዞ ስለሚቆይ፣ በዓይን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ያሳርረዋል።

ደረቀ፣ ግን ነጭ ነጠብጣብ ወጣበት

እዚህ ላይ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች አንድ ይመስላሉ። ነጩን በጣታችሁ አሹት። ከጣት ሙቀት ቀልጦ ቅባት ከተወ የካካዎ ቅቤው ነው ወደ ላይ የወጣው። ሻካራ ሆኖ ከቀረ ስኳር ነው። ጥርጣሬ ካለ ጠብታ ውሃ አኑሩበት፤ ስኳር ላይ ይሰራጫል፣ ቅባት ላይ ተድቦልቡሎ ይቆማል። ሁለቱም አይጎዱም፣ መልክ ብቻ ያበላሻሉ። ሻጋታ መስሎት የሚጥል ሰው ግን ብዙ ነው።

የቅባቱ መንስኤ ቸኮሌቱ ቀልጦ ዝም ብሎ እንዲደርቅ መተዉ፣ አለዚያም ከደረቀ በኋላ ሙቅ ቦታ መቀመጡ ነው። የካካዎ ቅቤ ሲረጋ ስድስት ዓይነት የክሪስታል ቅርጽ ሊይዝ ይችላል። የሚያብረቀርቀው፣ ሲሰበር ድምፅ የሚሰጠውና አፍ ውስጥ እንጂ እጅ ላይ ቶሎ የማይቀልጠው አምስተኛው ነው፤ የመቅለጫ ሙቀቱም 34 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴምፐሪንግ የሚባለው ሥራ በሙሉ ይህን አንዱን ቅርጽ መርጦ የማስቀረት ዘዴ ነው።

ቤት ውስጥ የሚያዋጣው መንገድ ይህ ነው። 300 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ቢኖራችሁ 200ውን ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ድረስ አቅልጡ። ከእሳት አውርዱ። የቀረውን 100 ግራም አድቅቃችሁ በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ፣ ሙቀቱ 31 ወይም 32 እስኪደርስ ሳታቋርጡ አማስሉ። ለወተት ቸኮሌት 29 እና 30፣ ለነጭ 28 እና 29 ይበቃል። የምትጨምሩት ቁራጭ ራሱ የሚያብረቀርቅ መሆን አለበት፤ የነጣውን ከጨመራችሁ የምትዘሩት የተሳሳተውን ዘር ነው። ከዚያ የቢላ ጫፍ ነክራችሁ 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ ክፍል ውስጥ አስቀምጡ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደርቆ ካበረቀረቀ ወደ ሥራ ግቡ። አሁንም እርጥብ ከሆነ ወይም ከተዥጎረጎረ ጥቂት ቁራጭ ጨምራችሁ ማማሰሉን ቀጥሉ። በሥራ መሃል ሲወፍር በቀስታ አሙቁት፣ ግን 34ን ካለፈ የተሠራው ሁሉ ጠፍቷልና ከመጀመሪያው ጀምሩ። የነጣውም ቸኮሌት የሚድነው በዚሁ መንገድ ነው፤ አቅልጦ እንደገና።

የስኳሩ መንስኤ ማቀዝቀዣ ነው። ቀዝቃዛው ቸኮሌት ወደ ሞቃት ክፍል ሲወጣ አየር ላይ ያለው እርጥበት ጤዛ ሆኖ ያርፍበታል፤ ጤዛው ስኳሩን አሟሙቶ ሲደርቅ ስኳሩ ላዩ ላይ ይቀራል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ አየር በማያስገባ ዕቃ ይሁን፤ ስታወጡትም ዕቃው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ አትክፈቱት። የሻከረውን ለጋናሽ አውሉት።

ለውዝ ያለበት ከረሜላ ከሳምንታት በኋላ ቢደበዝዝ ግን ራሳችሁን አትውቀሱ። የለውዙ ዘይት ቀስ እያለ ወደ ቸኮሌቱ ስለሚገባ ነው።

ከቅርጽ ማውጫው አልወጣም አለ

ያው ነው፤ ቴምፐር አልሆነም። በትክክል የረጋ ቸኮሌት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ራሱ ይላቀቃል። ለአሥር ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብታችሁ ሞክሩ፤ እምቢ ካለ አቅልጣችሁ ድገሙት።

ካራሜሉ አሸዋ ሆነ

የስኳር ቅንጣቶች ተለያይተው መኖር አይወዱም። ሽሮፑ ሲወፍር አንዲት ያልሟሟች ቅንጣት ከድስቱ ግድግዳ ወርዳ ከገባች ሌሎቹ በላይዋ ይሰበሰባሉ፤ በደቂቃ ውስጥ ጥርት ያለው ፈሳሽ ደፍርሶ ነጭ ይሆናል። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ማንኪያው ነው። ከፈላ በኋላ ማማሰል ሽሮፑን ግድግዳ ላይ ይረጫል፣ የተረጨው ይደርቃል፣ የደረቀው ይረግፋል።

አሸዋ ከሆነ በኋላ አትጣሉት። ለ400 ግራም ስኳር 100 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ጨምሩና በዝቅተኛ እሳት አንድም ቅንጣት እስከማይቀር አሟሙት። መሟሟቱን በማንኪያ ጀርባ ድስቱን በመንካት ታውቃላችሁ፤ አሁንም የሚንኮሻኮሽ ነገር ከተሰማ ጊዜው አልደረሰም። ከዚያ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ክደኑት፤ በቸኮሌት ላይ ጠላት የነበረው እንፋሎት እዚህ ግድግዳውን ያጥብላችኋል። ክዳኑን አንስታችሁ ሳታማስሉ አፍሉት። ክሬም ወይም ቅቤ ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ካልተማሰለ ሥሩ ያርራል።

እንዳይደገም ከስኳሩ አንድ አምስተኛውን ያህል በግሉኮስ ሽሮፕ ተኩ። ማርም ይሠራል፣ ጣዕሙን ግን ያጋባበታል። ክሬም ለማይገባበት ሽሮፕ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ይበቃል፤ አሲዱ ከፊሉን ስኳር ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይከፍለዋል፣ የተለያየ ዓይነት ቅንጣት ሲቀላቀል ደግሞ ለመደርደር ይቸገራል።

አልያዘም፤ ወይም ጥርስ የሚነቅል ሆነ

ሁለቱም የአንድ ነገር ሁለት ጫፍ ናቸው፦ ምን ያህል ውሃ ቀረ። የክሬም ካራሜል 115 ዲግሪ ላይ ከወረደ በማንኪያ የሚበላ ይሆናል፤ ከ118 እስከ 120 ላይ በቢላ ይቆረጣል፤ 125 ሲያልፍ ማኘክ ሥራ ይሆናል። ቴርሞሜትሩን የማያምን ጠብታ ወደ ቀዝቃዛው ውሃ ይጣልና በጣቶቹ ይሰብስባት። ተድቦልቡላ ከውሃ ስትወጣ ጣት ላይ ከተዘረጋች ትንሽ ይቀራታል። ቅርጿን ይዛ፣ ስትጫኗት ግን እሺ ካለች ያን ጊዜ አውርዱ። እኔ ቴርሞሜትር ይዤም ይህን ሳላደርግ አላወርድም።

የለሰለሰውን ወደ ድስት መልሱና ከሁለት እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምራችሁ እንደገና አብስሉ። የጠነከረውንም እንዲሁ፣ ለእሱ ግን ውሃውን አብዙና በትክክለኛው ዲግሪ አቁሙ። ሁለተኛ ሲበስል ቀለሙ ትንሽ ይጠቁራል።

ቅቤው ተለይቶ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ

እሳቱ ድንገት ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል፣ አለዚያም ማማሰሉ ተቋርጧል። እሳቱን ቀንሱ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የፈላ ውሃ ጨምሩ፣ እስኪዋሃድ ድረስ በእርጋታ አማስሉ። ክሬሙንም ሁልጊዜ አሙቃችሁ ጨምሩ፤ ቀዝቃዛው ስኳሩን ያጓጉለዋል፣ ድስቱም ገንፍሎ እጅ ያቃጥላል። ጥልቅ ድስት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

የለውዝ ከረሜላው እንደ መስታወት አይሰበርም

ጥርስ ላይ ከተጣበቀ ስኳሩ 150 ዲግሪ ሳይደርስ ወርዷል። ለውዙ ከገባበት በኋላ መልሶ ማብሰል ለውዙን ማሳረር ስለሆነ አልመክርም። ከትፋችሁ ቸኮሌት ውስጥ ጨምሩት፤ አንዳንዴ ከታሰበው የተሻለ ነገር ይወጣል። በሌላ በኩል ለመንከስ የሚያስፈራ ጥንካሬ ካለው የጎደለው አየር ነው። በመጨረሻዋ ሰከንድ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ሲገባ ስኳሩ አረፋ ይሞላና ይሳሳል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ለውዙ እንደገባ ስኳሩ ቀጥ ብሎ ከደረቀና አልዘረጋ ካለ፣ ለውዙ ቀዝቃዛ ነበር። ከነትሪው 150 ዲግሪ በሞቀ ምድጃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አስገቡት፤ ሲለሰልስ በመጋገሪያ ወረቀት ሸፍናችሁ በሊጥ መዳመጫ ዳምጡት። በሚቀጥለው ጊዜ ለውዙን በሞቀ ምድጃ ውስጥ አቆዩት።

ለውዙ ከመረረ ሁለት ጊዜ ተቆልቷል። ጥሬው ኦቾሎኒ ከሽሮፑ ጋር አብሮ መብሰል ይችላል፤ የተቆላው ግን የሚገባው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። የቆየ ዘይት የሚሸት ፍሬም በስኳር አይሸፈንም፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሦስት ፍሬ ቅመሱ። የሻገተውን ግን ለመቅመስም አትሞክሩ፣ ጣሉት። አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ሽፋኑ ተሰነጠቀ፣ ውስጡም ወጣ

ከማቀዝቀዣ የወጣ ካራሜል ሙቅ ቸኮሌት ውስጥ ተነክሯል። ቅዝቃዜው ሲለቀው ያብጣል፣ የደረቀው ሽፋን ግን አይለጠጥም። ከመነከሩ በፊት የክፍሉን ሙቀት ይያዝ። ካራሜሉ የመርፌ ቀዳዳ በምታክል ክፍተት የሚያልብ ከሆነ ሽፋኑ ሳስቷል፤ ሲደርቅ ሁለተኛ ጊዜ ንከሩት። ሥሩ ላይ የቸኮሌት ኩሬ ከተፈጠረ ከሹካው ላይ በደንብ አላራገፋችሁትም።

ያልተሸፈነ ካራሜል በማግስቱ ላዩ ከረጠበ ከአየሩ እርጥበት ስቦ ነው። በተቆረጠበት ቀን አንድ በአንድ በወረቀት ይጠቅለል።

ድስቱን በብረት አትፈግፍጉት። ውሃ ሞልታችሁ ካራሜሉ የነካውን ማንኪያ ሁሉ ከውስጡ ጨምሩና አፍሉ፤ ስኳሩ በራሱ ይለቃል።