ያለ እሳት የሚረጋ ድርብርብ የሎሚ ጣፋጭ

በአብዛኛው ቤታችን ሎሚ የሚታሰበው ለሰላጣ፣ ለዓሣ፣ ለሻይ ወይም ጉንፋን ሲይዝ ነው። ወተት ያበላሻል ተብሎ ስለሚፈራም ከወተት ርቆ ይቀመጣል። በሜክሲኮ ግን ወተት ያበላሻል የሚባለው ይኸው ጠባዩ ካርሎታ ዴ ሊሞን ለሚባለው የቤተሰብ ጣፋጭ መሠረት ሆኗል። አሠራሩ ደረቅ ብስኩትና በሎሚ የረጋ የቆርቆሮ ወተት እየደራረቡ በፍሪጅ ማሳደር ብቻ ስለሆነ እሳትም፣ ኦቭንም፣ እንቁላልም፣ ጄላቲንም አይፈልግም። በሜክሲኮ ስም የሚጠራው ሎሚ ትንሽ፣ ልጣጩ የሳሳና መዓዛው የሚያውድ ዝርያ ነው፤ እኛ ከጉልት የምንገዛውም ያው ዝርያ ነውና ጣፋጩ ለእኛ ማዕድ ቤት ከሩቅ የመጣ አይመስልም።

ወደ ሥራው ከመግባት በፊት ወተቱ ለምን እንደሚረጋ መረዳት ይጠቅማል፤ ይህን ያወቀ ሰው ልኩን ባያስታውስ እንኳ አይሳሳትም። ወተት እርጎ የሚሆነው በውስጡ እየተፈጠረ የሚሄደው ኮምጣጣ አሲድ ፕሮቲኑን እርስ በርሱ ስለሚያያይዘው ነው። ሎሚ ይህንኑ ሥራ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራዋል። ታዲያ ለምን አይብና አጓት ሆኖ አይለያይም ቢባል፣ መልሱ በወተቱ ዓይነትና በሙቀቱ ላይ ነው። አሬራ እሳት ላይ ሲጣድ አይቡ ከአጓቱ የሚለየው ሙቀቱ ፕሮቲኑን አጥብቆ ውኃውን ስለሚያስወጣው ነው። እዚህ ግን ሙቀት የለም፤ የቆርቆሮው ወተትም ውኃው አስቀድሞ የተቀነሰለትና ስኳር የበዛበት ስለሆነ፣ ውኃውን እንደያዘ እንደ ወፍራም ክሬም ይረጋል። በዚህ ምክንያት በቆርቆሮው ወተት ፈንታ ተራ የላም ወተት መጠቀም አይቻልም፤ ወዲያው ይቆራረጣል።

ከስምንት እስከ ዐሥር ሰው ለሚሆን ቤተሰብ የሚያስፈልገው 397 ግራም የሚይዝ አንድ ቆርቆሮ ጣፋጭ ኮንደንስድ ሚልክ፣ 350 ሚሊ ሊትር ያህል ስኳር የሌለው የቆርቆሮ ወተት፣ 130 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ እና 300 ግራም ያህል ደረቅ የሻይ ብስኩት ነው። ስኳር የሌለው የቆርቆሮ ወተት በሱቅ ካልተገኘ፣ 90 ግራም ቅባቱ ያልወጣ የዱቄት ወተት በ280 ሚሊ ሊትር የቀዘቀዘ የፈላ ውኃ ውስጥ በደንብ በጥብጦ መተካት ይቻላል። ብስኩቱ ክሬም በመሃሉ የሌለው፣ ጣፋጭነቱም ልከኛ የሆነ ቢሆን ይመረጣል። በሜክሲኮ የሚለመደው ማሪያ የተባለው ክብ ብስኩት ሲሆን፣ እሱም በ1874 እ.ኤ.አ. በለንደን ለአንዲት የሩሲያ ልዕልት ሠርግ መታሰቢያ የተሠራ ነው። እኛ ዘንድ ከሻይ ጋር የሚቀርበው ተራ ብስኩት ሁሉ ቦታውን ይሞላል።

የጣፋጩ ዕጣ የሚወሰነው ሎሚው ሲጨመቅ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ መቻኮል አይገባም። እንደ ሎሚው መጠንና ጭማቂ ከ8 እስከ 12 ሎሚ ያስፈልጋል። ሎሚዎቹን በሚገባ ያጥቡና ያድርቁ፤ ከመቁረጥዎ በፊት የሦስቱን ልጣጭ በካሮት መፈቅፈቂያው ደቃቅ ጎን ይፈቅፍቁ። የሚፈለገው አረንጓዴው ወይም ቢጫው የላይኛው ገጽ ብቻ ነው፤ መዓዛውን የያዘው ዘይት የሚገኘው በዚያ ነውና። ነጩ ክፍል እንደታየ ሎሚውን ያዙሩት፤ ነጩ መራራ ነው፣ ምሬቱም በጣፋጩ ውስጥ እያደር ይጎላል። ቀጥሎ እያንዳንዱን ሎሚ በመዳፍዎ ከጠረጴዛ ጋር እየተጫኑ ያንከባልሉት፤ ሲለሰልስ ይቁረጡትና ይጭመቁት። የመጨረሻዋን ጠብታ ለማውጣት ልጣጩን መጠምዘዝ፣ ፍሬውንም መጨፍለቅ ያንኑ ምሬት ስለሚያመጣ፣ አንድ ሎሚ ጨምሮ በርጋታ መጭመቅ ይሻላል። ጭማቂውን በማጥለያ ያጥልሉ። የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ወተቱን ማርጋቱ ባይቀርም መዓዛው የሞተ ነው፤ በእኔ በኩል አልመክረውም።

ሁለቱን ወተቶች አስቀድመው በፍሪጅ ያቀዝቅዟቸው፤ ከዚያም በመስታወት ወይም በሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያዋህዷቸው። የአሉሚኒየም ዕቃ ከሎሚ አሲድ ጋር ስለሚዋሐድ የብረት ጣዕም ይሰጣል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የተፈቀፈቀውን ልጣጭ ይጨምሩና ጭማቂውን በሦስት ጊዜ ከፍለው፣ በእጅ መምቻ እያማሰሉ ያፍስሱ። በመጀመሪያው ጊዜ ለውጥ ብዙም አይታይም። በሁለተኛው ላይ መምቻው እየከበደ ይመጣል፤ ሦስተኛው ገብቶ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቆይ፣ በማንኪያ ቢያነሡት ወፍሮ እየተጣጠፈ ይወርዳል፣ የማንኪያውም ፈለግ ላዩ ላይ ለአፍታ ታትሞ ይቆያል። ይህ ምልክት እስኪታይ ድረስ መደርደር አይጀመርም። ካልወፈረ የጎደለው አሲድ ስለሆነ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጭማቂ እየጨመሩ ይሞክሩ። ብሌንደር መጠቀም ይቻላል፤ ከወፈረ በኋላ ግን ብዙ ማስመታት መልሶ ያቀጥነዋል።

ለመደርደር 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ዕቃ ይበቃል። ከሥሩ ስስ ክሬም ይቀቡ፤ በላዩ ብስኩቱን ጎን ለጎን ይደርድሩ፤ ክፍት የቀረውን ጥግ በተሰባበረ ብስኩት ይሙሉ። ከዚያ ክሬም፣ ከዚያ ብስኩት እያሉ አራት ድርብ ያህል ሠርተው በክሬም ይጨርሱ። ብስኩቱን በወተት መንከር አያስፈልግም፤ እርጥበቱን ከክሬሙ እየጠጣ ራሱ ይለሰልሳል። ልጆች የሚሳተፉበት ክፍል ይህ ነው፤ ቢላም እሳትም የለበትምና። የእኔ ትንሿ ልጅ ብስኩቶቹን እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱን በአንዱ ጫፍ ላይ እያሳረፈች ትደረድራለች፤ ሲቆረጥ የሚታየው መስመር የተወላገደ ቢሆንም የሚጣፍጠው ግን ያው ነው።

ዕቃውን ሸፍነው በፍሪጅ ቢያንስ ለ6 ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ያቆዩት። ለእሑድ ምሳ ቅዳሜ ማታ መሥራት ከሁሉ የተሻለ ነው። አንድ ጊዜ ለእንግዶች ሠርቼ እንዳስቀመጥሁ መብራት ጠፋ፤ የፍሪጁን በር ሳልከፍት በመጠበቄና መብራቱም በሦስት ሰዓት ውስጥ በመመለሱ ምንም አልሆነም። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይጠብቃል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ወተት ነክ ምግብ ለልጆች ማቅረብ አይገባም።

ብርቱካን የሚወዱ ሰዎች በሎሚው ፈንታ የብርቱካን ጭማቂ ለመጨመር ያስባሉ። የብርቱካን አሲድ ከሎሚ በብዙ እጥፍ ስለሚያንስ ወተቱን አያረጋም፤ ቀጥኖ ይቀራል። ብርቱካን ቦታው ሌላ ነው፦ የልጣጩን ፍቅፋቂ ከሎሚው ጋር ወደ ክሬሙ መጨመር፣ ወይም በመካከለኛው ድርብ ላይ የመርቲን የብርቱካን ማርማላታ ሳሳ አድርጎ መቀባት። የማርማላታው ቀላል ምሬት የኮንደንስድ ሚልኩን ጣፋጭነት ስለሚገታው፣ ስኳር የማይወዱ ትልልቅ ሰዎች ባሉበት ቤት እኔ ሁልጊዜ የምሠራው እንዲህ ነው።

በጾም ወቅት ይህ ጣፋጭ አይሆንም፤ የኮኮናት ወተት ቢተካም በሎሚ አይረጋም፣ የሚረጋው የወተት ፕሮቲን የለውምና። ለጾም ግማሽ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ ከ50 ግራም የበቆሎ ስታርችና ከሚወዱት ያህል ስኳር ጋር ሳይሞቅ በጥብጠው፣ በለሰለሰ እሳት እስኪወፍር ያማስሉ፤ ሎሚ የሚጨመረው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፣ አብሮ ከፈላ ስታርቹን ያቀጥነዋል። ለብ ሲል ወተትና ቅቤ ከሌለበት ብስኩት ጋር ይደረደራል፤ የብስኩቱን ማሸጊያ አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሲቀርብ ቢላውን በሙቅ ውኃ ነክረው፣ ጠርገው ይቁረጡ፤ በየቁራጩ መካከል እንዲሁ ያድርጉ። ከላይ የሚነሰነሰው የልጣጭ ፍቅፋቂ ቀድሞ ከተቀመጠ ስለሚደርቅ፣ ሊቀርብ ሲል ይጨመር። በፍሪጅ እስከ 3 ቀን ይቆያል፤ በሁለተኛው ቀን ጣዕሙ ይበልጥ ይዋሐዳል፣ በሦስተኛው ግን ብስኩቱ እየላመ መስመሩ ይጠፋል። የተረፈውን በዚያን ጊዜ ቆርጠው ፍሪዘር ውስጥ ቢያስገቡት እንደ አይስክሬም ይበላል።