ቅብብል ሲቋረጥ፦ መጀመሪያ ኳስ ያልያዙትን እዩ

ችግር፦ ኳስ የያዘው ልጅ የሚያቀብለው አጥቶ ይጠልዛል።

ምክንያት፦ ጓደኞቹ ወይ ከተጋጣሚ ጀርባ ተከልለው ቆመዋል፣ ወይ ተግተልትለው ወደ ኳሱ መጥተዋል። ከዳር ሆኖ «ተንቀሳቀሱ!» ማለት አይረዳም፤ ወዴት እንደሚሄዱ አልነገራችኋቸውም።

መፍትሄ፦ የሰፈሩ «መሃል ባልገባ» ጨዋታ (ክብ ሠርተው ሲቀባበሉ መሃል ያለው የሚቀማበት) ለንክኪ ጥሩ ነው፤ ክብ ሠርቶ መቆምን ግን ያስለምዳል። ስለዚህ ቀይሩት። በ4 ኮን 8 በ8 ሜትር ካሬ ሥሩ፤ እንደ ጃን ሜዳ ብዙ ቡድን በሚጋራው ሜዳ ላይ እንኳ ለዚህ የሚሆን ጥግ አይጠፋም። ሦስት ልጆች በካሬው ሦስት ጎኖች ላይ ይቁሙ፣ አንድ መሃል ይግባ። ሕጉ አንድ ነው፦ ከባለኳሱ ግራና ቀኝ ያሉት ጎኖች ምንጊዜም ሰው አይጡ። ኳሱ ወደ ቀኝ ከሄደ በግራ የነበረው ልጅ ወደ ባዶው ጎን ይሮጣል። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ኳሱ እስኪደርስ ይጠብቃል። መነሳት ያለበት ኳሱ ገና መንገድ ላይ ሳለ ነው። በየ90 ሴኮንዱ መሃል የገባውን ልጅ ቀይሩ፤ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ከዚያ በላይ ሲሮጥ እግሩ ይዝላል።

ችግር፦ ቀድሞ ሮጦ ኦፍሳይድ ይገባል፣ ወይም ተከላካዩ አብሮት ይሄዳል።

መፍትሄ፦ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ተቃራኒው ሄዶ ተከላካዩን ያስከትል፤ አቀባዩ ቀና ሲል በድንገት ይመለስ።

ችግር፦ የተቀበለውን ሁሉ ወደ ኋላ ይመልሳል።

ምክንያቱ ፍርሃት ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከጀርባው ያለውን አላየም። ኳሱ እየመጣ ሳለ ከኋላው ቆማችሁ ጣት አንሱ፤ ከመንካቱ በፊት ዞር ብሎ ቁጥሩን ይናገር። ከዚያ ወደ ጎን ዞሮ ቆሞ፣ ኳሱ ከሚመጣበት በራቀው እግር ይቀበል።

ችግር፦ ኳሱ ከእግር ላይ ይነጥራል።

ልጁን ከመቆጣት በፊት የኳሱን የአየር ግፊት ለኩ። ሕጉ ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ይፈቅዳል፤ በበጋ ለደረቀ አፈር ወደ 0.6 ማውረድ ይሻላል።

በመጨረሻ 4 ለ 4 አጫውቱ፦ አቀብሎ የቆመ ካለ ኳሱ ለተጋጣሚ ይሰጥ። ከ5 ደቂቃ በላይ ግን አታቆዩት፤ ልጆቹ ቦታ ሳይመርጡ ዝም ብለው መሮጥ ይጀምራሉ።