ኦርኪዳችሁ በብርድ ወራት ቅጠሉን ቢያራግፍ አትጣሉት

ቤት ውስጥ ኦርኪድ የምታሳድጉ፣ ብርዱ ሲገባ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ከጀመረ ቶሎ ሞተ ብላችሁ አትደምድሙ። እያረፈ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ አዝኖለት ውሃ ይጨምርለታል፣ ማዳበሪያ ያደርግለታል፣ ሥሩ ይበሰብስና ያኔ የእውነት ይሞታል።

መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። በብዛት የሚሸጠው ሰፋፊ ቅጠል ያለው ፋላኖፕሲስ እንዲህ ዓይነት እረፍት የለውም፣ ውሃ የሚያጠራቅምበት ወፍራም ግንድም የለውም፤ እሱን ማጠጣት አታቁሙ፣ ትንሽ አራርቁት ብቻ።

ደንድሮቢየም ኖቢሌ ግን ሌላ ነው። ማዳበሪያውን ብርዱ ከመግባቱ በፊት አቁሙለት፣ ሌሊት ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሆን ግን ቀን በደንብ ብርሃን የሚያገኝ መስኮት አጠገብ አስቀምጡት፣ ውሃውንም ግንዱ ክፉኛ እንዳይጨማደድ ያህል ብቻ ጠብ አድርጉለት። ትንሽ ቢጨማደድ አትደንግጡ። ሞቆትና ውሃ ጠግቦ ከከረመ አበባ በሚወጣበት ቦታ ትንንሽ ችግኝ ያበቅልና ዓመቱ ያለ አበባ ያልፋል፣ ያሳዝናል። እንቡጦቹ በግልጽ ሲታዩ ማጠጣቱን ቀስ በቀስ መልሱ።

ካታሴተም ደግሞ ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ ያራግፋል። ያኔ ውሃ ጨርሶ አቁሙ። አዲስ ቡቃያ ብቅ ሲል እጃችሁ ወደ ውሃው ይሄዳል፣ እባካችሁ ታገሱ! የቡቃያው አዲስ ሥር ወደ 10 ሴንቲሜትር እስኪረዝም ጠብቁና ከዚያ በደንብ አጠጡት።