ስለ እማሆይ ጽጌማርያም ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የመነኩሲቷ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ አሁን በየስልኩ አለ። ጎንደር ፒያሳ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ እንኳ ከአጠገባችሁ ሰው ስልክ ላይ ሲንቆረቆር ትሰማላችሁ። ወሬውም አብሮ በዝቷል፤ ስህተቱም እንደዚያው። ስለሳቸው የምትጽፉ፣ እንግዳ የምታስጎበኙ ወይም ሥራቸውን ለመጫወት የምትለማመዱ ካላችሁ እነዚህን ተጠንቀቁ።

«የጎንደር ተወላጅ ናቸው» ማለት። እኛ ጎንደሬዎች ደህና ሰው ስናይ «የኛ ነው» ማለት እንወዳለን። እማሆይ የተወለዱት ግን አዲስ አበባ ነው። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። ስህተቱ የመጣው ከአባታቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ ነበሩ። በአባታቸው በኩል መዛመድ ይበቃናል።

«የጃዝ ተጫዋች» ማለት። «ኢትዮፒክስ» የሚባለው የፈረንሳዮች ተከታታይ አልበም 21ኛውን ቁጥር በ2006 እ.ኤ.አ. የሰጠው ለእሳቸው ነው። በዚያው ተከታታይ የሙላቱ አስታጥቄ ጃዝም ስላለ ሰው አንድ ላይ ጠቀለላቸው። የእማሆይ ትምህርት ግን የአውሮፓ ክላሲካል ነው። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ ቫዮሊን ተጫዋች ዘንድ ቀጠሉ። ኋላ ላይ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ተጨመረበት። አልበሙን ክፈቱት፤ ከበሮ የለ፣ ቤዝ የለ፣ ፒያኖ ብቻ ነው።

«ሲመነኩሱ ሙዚቃ ተዉ» ማለት። እርግጥ ለንደን ሄደው እንዲማሩ የተገኘው ዕድል ፈቃድ ተከልክሎ ሲቀር በጣም ተጎዱ፤ እህል እስከ መተው ደረሱ። ከዚያ ግሸን ማርያም ወጡ፣ 21 ዓመታቸው ላይ ቆብ ደፉ፣ አሥር ዓመት ያህልም በባዶ እግራቸው ኖሩ። ታሪኩን እዚህ የሚዘጋው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በሸክላ የምናውቀው ሥራቸው በሙሉ የተቀዳው ከዚያ በኋላ ነው። ፈቃዱ ለምን እንደተከለከለም ሰው የቤተ መንግሥት ተንኮል ይጨምርበታል። አትጨምሩበት።

ጎንደርን መዝለል። እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ተራኪው ከግሸን ይነሳና በአንድ ጊዜ እማሆይ ካረፉባት ኢየሩሳሌም ይደርሳል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እማሆይ እዚህ ከተማ ተቀምጠው የያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። ለዚያ ከጎንደር የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል? የጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም፣ ማለትም በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚዜመው ዜማ፣ በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው፤ ተማሪው ከየአውራጃው ይጎርፋል። የሚማረው ግን ለምድ ደርቦ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ ለምኖ ነው። ማደሪያ ያጣው ደጅ ላይ ያድራል።

እማሆይ ይኼን አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ሙዚቃ ስለሆነ በእሱ እነዚህን ልጆች ለመርዳት ወሰኑ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በዚያው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ታተመ። እንግዲህ ዛሬ ዓለም የሚሰማው ፒያኖ ወደ ሸክላ የገባው በጎንደር ቆሎ ተማሪ ምክንያት ነው። ይኼን ዘለን ምኑን ተረክነው?

ዜማውም ቢሆን አሻራውን ትቷል። የዜማውን ምልክቶች፣ ድፋቱን፣ ሒደቱን፣ ድምፅ የሚያርገበግበውን ርክርኩን የሚያውቅ ሰው የእማሆይን ቀኝ እጅ ልብ ብሎ ያዳምጥ። ጣታቸው አንድ ድምፅ ላይ ሲርገበገብ እኔ ርክርክ እሰማለሁ። የሙዚቃ ባለሙያ በሌላ ስም ይጠራው ይሆናል፤ የኔ ጆሮ የቤተ ክርስቲያን ጆሮ ነው።

የዘመን አቆጣጠር መቀላቀል። ታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. ተወልደው መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ዐረፉ። ከኢንተርኔት 1923ን ወስዶ ከ2015 የሚቀንስ ሰው 92 ይላቸዋል። ሰባት ዓመት በላባቸው ማለት ነው።

ሪትም ከፍቶ መጫወት። ይኼ ኪቦርድ ላላችሁ ልጆች ነው። ያቺን «ታክ ታክ» የምትል ቁልፍ ተዉአት። የእማሆይ ሙዚቃ ሐረግ ሲጨርስ፣ መሪጌታ ትንፋሽ እንደሚወስድ፣ ቆም ይላል፤ ከዚያ ይፈጥናል፣ ደግሞ ይለጠጣል። ማሽኑ አይጠብቃችሁም። መጀመሪያ ዜማውን በአፋችሁ አንጎራጉሩት፣ የት እንደምትተነፍሱ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ወደ ቁልፉ ሂዱ። ፔዳል ከሌላችሁ ግራ እጃችሁን ቶሎ አታንሱ። ከቪዲዮ በጆሮ ብቻ ከመቅዳት ደግሞ ኖታውን ፈልጉ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ታትሟል።