ሲሙ በማዳም ስም ከሆነ ዋትሳፑም የማዳም ነው

ከድሬም ከሐረርም ዓረብ አገር ለሥራ አዲስ የገባ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሳልታወቅ የምደውልበት አፕ የቱ ነው?» አቦ፣ በስልክ ቁጥር የከፈታችሁት አፕ ላይ እንዴት ነው የማትታወቁት? ኢንክሪፕሽን የምታወሩትን ይቆልፋል፤ ማንነታችሁን አይደብቅም።

ዋትሳፕ ጥሪው የተቆለፈ ነው፣ ኩባንያው ራሱ አይሰማችሁም። ለማን፣ መቼ እንደደወላችሁ ግን ያውቃል። ለእኔ አንደኛው ሲግናል ነው። ሲከፈት ቁጥር ይጠይቃል፣ ከዚያ በኋላ ግን ቁጥራችሁን ደብቃችሁ በዩዘርኔም ብቻ መገኘት ትችላላችሁ። ቴሌግራም ላይ የሁለት ሰው ጥሪ የተቆለፈ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጡት አራት ኢሞጂዎች ሁለታችሁም ጋ አንድ ዓይነት ከሆኑ መሀል የገባ የለም። ተራው ቻት ግን እንደዚያ አይደለም፣ ሰዉ ፓስፖርቱን ፎቶ አንስቶ የሚልከው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

ዱባይ ያላችሁ፣ የዋትሳፕ ጽሑፍ ይሄዳል፣ ጥሪው ዝግ ነው። ፈቃድ ያላቸው እንደ ቦቲም ያሉ የጥሪ አፖች አሉላችሁ። «የተዘጋውን የሚያስከፍት ቪፒኤን ጫን፣ ምንም አይልህም» የሚለውን ጓደኛ ቅጣቱን ማን እንደሚከፍል ጠይቁት። ቪፒኤንን ለወንጀል መጠቀም ቅጣቱ ከ500,000 ድርሃም ይጀምራል።

አሁን ዋናው። ሲሙ በማን ስም ነው የወጣው? አንዲት የድሬ፣ የከዚራ ልጅ ማዳሟ፣ አሠሪዋ ማለት ነው፣ በራሷ መታወቂያ ያወጣችላትን ሲም ይዛ ነበር የምትደውለው። ተጣልተው ቤቱን ስትለቅ ማዳም ሲሙን ዘጋችና በዚያው ቁጥር ሌላ አወጣች። ዋትሳፕ ሲከፈት የሚልከው ስድስት አሃዙ ኮድ የገባው ለማዳም ነው፣ ዋትሳፑም እሷ ስልክ ላይ ተከፈተ። የድሮው ቻት አብሮ አልሄደም፣ ከዚያ ወዲያ የመጣው ግን ሁሉ ለእሷ ነው። እናትየው «ልጄ፣ ምነው ጠፋሽ?» እያሉ ቮይስ የሚልኩት አማርኛ ለማታውቅ ሴት ነበር። የቤተሰቡ ግሩፕ ውስጥም ማዳም አለች! ስለዚህ ሲም መሸጫው «ነገ ተመለሱ» እያለ ቢያመላልሳችሁም ተመላለሱና በራሳችሁ ስም አውጡ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዛሬውኑ ክፈቱ፤ ዋትሳፕ ላይ ፒኑን የማያውቅ ሰው ሰባት ቀን ይጠብቃል። ቤት ከመልቀቃችሁ በፊትም ሴቲንግ ገብታችሁ ቁጥሩን ወደ አዲሱ ቀይሩት። ይሄን ስነግራቸው «እሺ እሺ» ብለው የሚረሱ አሉ፣ ኋላ ሲያለቅሱ የሚደውሉት ለእኔ ነው።

የወዲያኛውን ስልክም አስቡ። እማማ ድሬ፣ ሳቢያን ግቢ ውስጥ ላውድ ከፍተው ነው የሚያወሩት፣ በርጫ ጫት ሊቅም የተቀመጠው ሁሉ ደሞዛችሁን ይሰማል። የገንዘብ ወሬ በጽሑፍ ላኩ፣ ታናሽ እህታችሁ ታንብብላቸው።