ቀዳዳው ይናገራል፦ የሥራ ጓንት ለምትሰፉ ችግርና መፍትሄ

የተበላሸ ጓንት ይዞ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ እጁን አያለሁ፤ ደህና ከሆነ ጓንቱን ገልብጬ ቀዳዳውን እመረምራለሁ። ጅማ መርካቶ አጠገብ ለላሜራ ሠራተኛ፣ ለበያጅና ለእንጨት ቤት ስሰፋ ዓመታት አልፈዋል። ረጅምና ጠርዙ ንጹሕ የሆነ ቀዳዳ የስለት ሥራ ነው። ክብ ሆኖ ዙሪያው ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ወጊ ነገር ነው። ዙሪያው ሳስቶ የተላጠ ከሆነ ደግሞ ከመበሳቱ በፊት በመፋቅ አልቋል። ሦስቱም መድኃኒታቸው ለየቅል ነው፤ እኛ ግን ለሁሉም “ወፈር ያለ ቆዳ ጨምርበት” እንላለን።

ችግር፦ ላሜራ መዳፉን ሰነጠቀው

ቆዳ ሲጫኑት ይችላል፣ ስለት ሲሄድበት ግን ይከፈላል። ላሜራ ከእጅ ሲያመልጥ ደግሞ እንደ ቢላ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። ደንበኛ “የበግ ቆዳ አድርግልኝ፣ ይለሰልሳል” ሲለኝ እፈራለሁ። የደጋ በጋችን ቆዳ በጓንት ዓለም ስሙ የተጠራ ነው፤ የተጠራው ግን ለክብር ልብስና ለጎልፍ ጓንት ነው። እዚያ የተመሰገነበት ስስነት ላሜራ ቤት ውስጥ ጣት ያስከፍላል።

መፍትሄው ከላይ የከብት ቆዳ፣ ከውስጥ ስለት የሚቋቋም ሹራብ መሰል ጓንት ነው። የደህንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ሁለት ዓይነት ያመጣሉ። ብዙውን ጊዜ ቢጫ የሆነው አራሚድ የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ ኬሚስቷ ስቴፋኒ ክዎሌክ በ1965 እ.ኤ.አ. ያገኘችው ኬቭላር የዚህ ዘር ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ ሲነኩት ቀዝቀዝ የሚለው ፖሊኢትሊን ከሚባል የፕላስቲክ ክር የተሠራ ነው። ይኼኛው ለላሜራ ግሩም ነው፤ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ግን ይቀልጣል። ስለዚህ ለበያጅ በፍጹም እንዳትሰጡ፤ ቀልጦ ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ነገር ከብልጭታው የከፋ ነው። አራሚድ አይቀልጥም፤ እሱን የሚገድለው ፀሐይና በረኪና ነው።

ሹራቡን ከቆዳው ጋር በማስቲሽ አትለጥፉት፤ ደርቆ እንደ ካርቶን ይሆናል። በየጣቱ ጫፍና በእጅ አንጓው ላይ ብቻ ያዝ ያዝ አድርጉት። ያ ከተረሳ ላብ ያለው እጅ ሲወጣ ገበሩን ይዞት ይወጣል።

ችግር፦ አይቆረጥም የተባለው ጓንት ተበሳ

ፌሮ የሚያስር አንድ ልጅ መጥቶ “ጋሼ፣ አይቆረጥም ብለውኝ ነው የገዛሁት” አለኝ፣ የማሰሪያ ሽቦ የገባበትን አውራ ጣቱን እያሳየኝ። “አልተቆረጠም እኮ” አልኩት። ጓንቱን በመብራት ፊት ዘርግቼ ሳየው አንድ ክር እንኳ አልተበጠሰም። ሽቦው በሹራቡ ዓይን መካከል ገፋ አድርጎ ነው የገባው።

እዚህ ላይ ምልክቱን ማንበብ ይጠቅማል። ኢኤን 388 በሚባለው የአውሮፓ መለኪያ ጓንቱ ላይ ከታተመው ሥዕል ሥር አራት ቁጥሮች ይሰለፋሉ፤ በቅደም ተከተል መፋቅ፣ መቆረጥ፣ መቀደድና መበሳት ናቸው። ኤክስ ካለበት አልተፈተነም ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ከኤ እስከ ኤፍ ያለ ፊደል በሌላ መሣሪያ የተፈተነ የመቆረጥ ደረጃ ነው። ልጁ ያየው ፊደሉን ነበር፤ ማየት የነበረበት አራተኛውን ቁጥር ነው፣ እሱም 1 ነበር።

አራተኛው ቁጥር 4 ቢሆንም ልባችሁ አይሙላ። 4 ማለት 150 ኒውተን፣ ማለትም 15 ኪሎ ገደማ ጫና ችሏል ማለት ነው። ነገር ግን መፈተኛው 4.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጫፈ ደንዛዛ ብረት ነው። ከሹል ሽቦና ከስሪንጅ መርፌ ጋር አይወዳደርም። ቆሻሻ ለሚለቅሙ ሰዎች ስሰፋ ይህን ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ፦ መርፌ የማይገባው ጓንት አልሠራሁም።

ለሽቦና ለእሾህ የሚሠራው ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ሸራ ነው፣ ሦስት ድርብ። ሁለተኛውን ድርብ ከመጀመሪያው አዙራችሁ አግድም አስቀምጡት፤ የአንዱ ዓይን በሌላው ክር ላይ ይውላል። ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ድርቡን አቋርጡት፤ ክፍተቱን የሚሸፍን ቁራጭ በላዩ ይደረብ። ይህን ሳላደርግ የሰፋሁት የመጀመሪያው ጥንድ በአንድ ሳምንት ተመልሶልኛል። “ጓንት አልኩህ እንጂ የምጣድ ማሰሻ አልኩህ?” ብሎ ነው ደንበኛዬ የወረወረልኝ።

ችግር፦ ቆዳው ደህና ሆኖ ስፌቱ ተተረተረ

የጥጥ ክር ከሆነ በላብና በዝናብ በስብሷል፤ ናይለን ወይም ፖሊስተር፣ ለበያጅ የአራሚድ ክር ተጠቀሙ። ክሩ ጤነኛ ሆኖ ቆዳው በመርፌው መስመር ከተቀደደ ጥፋቱ የስፌቱ መብዛት ነው፤ እንደ ቴምብር ጠርዝ በስታችሁታል። በአንድ ሴንቲ ሜትር ከሦስት እስከ አራት ስፌት ይበቃል። የጣቶችን ሥር ስፌት ከመዳፍ ወደ እጅ ጀርባ አውጡት፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ደግሞ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ አስገብታችሁ ስፉ። እኔ ዘንድ ተመላሽ የሚበዛው ከዚያች ቦታ ነው።

ችግር፦ ሠራተኛው ያወልቀዋል

ቅርጹን የወሰዳችሁት ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ እጅ ነው? ያረፈ እጅ ጎበጥ ይላል። በመዳፍ በኩል ያለውን የጣት ቁራጭ በጀርባ በኩል ካለው ጥቂት አሳጥሩት። ልኩን አውራ ጣትን ትታችሁ መዳፍ ዙሪያ ለኩ፦ 20 ሴንቲ ሜትር ቁጥር 8፣ 23 ቁጥር 9፣ 25 ቁጥር 10 ነው። ከዚያ ጓንቱን አጥልቆ የ1 ብር ሳንቲም ከወለል ያንሳ። ካላነሳ ምስማርም አይይዝም፤ አውልቆ ይሠራል።

ችግር፦ ክረምት ላይ እንጨት ሆነ

ጅማ ዝናቡን ታውቁታላችሁ። ረጥቦ ያደረን ቆዳ ከሰል ምድጃ አጠገብ የሚያስቀምጥ ሰው ጓንቱን እየጠበሰው ነው። ጥላ ውስጥ፣ ጣቱን ወደ ታች አንጠልጥሎ ማድረቅ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ማሸት።

አንድ የማልሰፋው ጓንት አለ። የእንጨት ቤት ሰዎች ለክብ መጋዝና ለመሰርሰሪያ ይጠይቁኛል። የሚሽከረከር ነገር ጓንት ሲይዝ አይቆርጠውም፣ ይጠቀልለዋል፤ ጠንካራ ክር ከሆነ ደግሞ አይበጠስምና እጁን ይዞ ይገባል። እንጨቱን ለመጫንና ለማውረድ እሰፋላችኋለሁ፣ ማሽኑ ሲነሳ ግን ይውለቅ እላቸዋለሁ።